ሰባት ቀን በአመድ ውስጥ

በቀኝ እጄ ጠቋሚ ጣት ጫፍ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል ጠባሳ አለችኝ። ሰው ሲጠይቀኝ ካውያ ነው እላለሁ። ውሸት ነው። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ፣ አድጌ ልጆች ወልጄ፣ የሌላውን ሰው አጉል እምነት እየሰማሁ እየሳቅሁ፣ ጣቴን ያቃጠለኝ የሞተ ሰው እንደሆነ በሆዴ ይዤ ኖሬያለሁ። ሙሉ በሙሉ አምኜ ነው ማለት አልችልም። ክጄም ግን አላውቅም።

ያኔ ሰባት ዓመቴ ነበር። አባቴ በያጅ ነው፤ ጋራዡ ከቤታችን ጋር ግድግዳ ይጋራ ስለነበር ከጓዳችን የምታስወጣዋ ጠባብ በር በቀጥታ እዚያ ታደርሳለች። በጠራራ ፀሐይ እንኳ ውስጡ ጨለምለም ይላል። የተቃጠለ ቀለምና የግራሶ ሽታ እናቴ አጥባ በምታሰጣው አንሶላ ላይ ሳይቀር ያርፍ ነበር። አባቴ ቃል ቆጥቦ የሚናገር ሰው ነው፤ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ ከጠየቁት ሁለተኛውን የሚመልሰው በቅንድቡ ነው።

ከጋራዡ ትይዩ ልብስ ሰፊዋ ከአንድ ልጇ ጋር ትኖር ነበር። ልጁን ሰፈሩ ሁሉ ቱርቦ ይለዋል፤ እናቱ ራሷ ካልተቆጣች በቀር በሌላ ስም ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም። ቱርቦ ከአንድ ግቢ ጥግ የተጣለች የጥንት ትንሽ መኪና አግኝቶ ጣሪያዋን በመጋዝ ቆርጦ ዝቅ አደረገው፣ ከኋላ ሰፋፊ ጎማ አለበሳት፣ ኮፈኗን አውልቆ ጣለው። ለምን ሲሉት፣ የሚሸፈነው የሚያሳፍር ነገር ነው፣ የእኔ ሞተር ለሰው ሁሉ ይታያል ይላል። ይታያል የተባለው ሞተር ግን ገና አልነበረም። አፍንጫዋ ክፍት፣ ሆዷ ባዶ ሆኖ በራቸው ላይ ቆማ ነበር የምትውል።

ሐሳቡ እንዲህ ነው፤ ሁለት አሮጌ ባለ አራት ሲሊንደር ሞተሮች ገዝቷል። ከእያንዳንዳቸው ላይ አንድ አንድ ሲሊንደር ቆርጦ ያስቀርና የቀሩትን ሦስት ሦስቱን በብየዳ አጋጥሞ ባለ ስድስት ያደርጋቸዋል። ይህንኑ በአባቴ ጥቁር ግድግዳ ላይ በጠመኔ ሥሎት ነበር፣ ከነልኬቱ። አባቴ ሥዕሉን ቆሞ አየና፣ ይሄ ጊዛ ነው አለው፤ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ኩራተኛ ነው፣ እሳት ሲያገኘው ይሰነጠቃል፣ ሌላ በያጅ ፈልግ። ቱርቦ ሌላ በያጅ አልፈለገም። በየቀኑ እየመጣ ይለምናል፣ አባቴ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል፣ እኔ መሃል ቆሜ ሁለቱንም አያለሁ።

ቱርቦ እኔን ይወደኝ ነበር። ትራስ በሌለው የመኪናዋ ወንበር ላይ ያስቀምጠኝና መሪውን ያስይዘኛል፤ ዋና ሹፌር ነሽ ይለኛል። የትንንሽ ዕቃ ጣሳው ውስጥ ስድስት የመዳብ ሮንዴላዎች ነበሩት፣ ከብሎን ሥር የሚገቡት ቀዳዳ ያላቸው ክብ ነገሮች፤ አዲስ ስለሆኑ ወርቅ ይመስላሉ። አንዷን አነሳኋት። አውራ ጣቴ ላይ ልክ ሆነችኝ፣ ቀለበት አደረግኋት። ከቀናት በኋላ ወለሉ ላይ በአራት እግሩ ሆኖ ሲፈልግ ደረስኩ። ‹‹አንዷ ሮንዴላ ጠፋችብኝ፣ ስድስት ነበሩ፤ አላየሻትም?›› አለኝ። አላየሁም አልኩት፤ ኪሴ ውስጥ በጣቴ ይዣት። እኔና እሱ የተነጋገርነው የመጨረሻ ነገር ይሄ ነው።

በማግስቱ ትኩሳት ጣለው። እኔን አክስቴ ቤት ላኩኝ፤ ስመለስ ቱርቦ አልነበረም። ሄደ አሉኝ። የት እንደሄደ የነገረኝ የለም፤ ለልጅ አይነገርም ብለው ነው። እኔም አልጠየቅሁም፣ ምክንያቱም ከጠየቅሁ ስለ ሮንዴላዋ የሚነሳ መሰለኝ።

አንድ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ የእጅ ጋሪ በሰው አስገፍታ መጣች። ጋሪው ላይ ቱርቦ ራሱ ቆርጦ ያዘጋጃቸው ሁለቱ የሞተር ቁራጮች ነበሩ፣ በላያቸው ላይ ደግሞ ሰማያዊ ብርድ ልብስ። ብርድ ልብሱን አውቀዋለሁ፤ የእሱ ነው። ምን ያህል እንደከሳች አይቼ ፈራኋት። አባቴ በርጩማ አቀረበላት፣ አልተቀመጠችም።

‹‹ወንድሜ፣ እሱ ካንተ በቀር ማንም አይችለውም ብሎኛል›› አለችው። ‹‹አንድ ቀን ድምፁን ልስማው። ከዚያ በኋላ መኪናዋንም ዕቃውንም ለፈለገ እሰጣለሁ። አንድ ቀን ብቻ።››

አባቴ የግድግዳውን የጠመኔ ሥዕል በዓይኑ ከዳር እስከ ዳር ተከተለ። ከዚያ፣ ‹‹እሺ እትዬ›› አለ። ለቱርቦ አንድም ቀን ያላለውን።

በብየዳው ቀን አባቴ ወለሉ ላይ በጡብ ምድጃ ሠርቶ ከሰል ሞላው። ሁለቱን ቁራጮች ፊት ለፊት አጋጠማቸው፣ በረጃጅም ብሎን ጠፍሮ አሰራቸው፣ መቅላት እስኪጀምሩ ከጠዋት እስከ ቀትር አጋላቸው። ከዚያ የቆዳ ሽርጡን አስሮ፣ ጥቁር መነጽሩን አድርጎ የጋዝ ችቦውን ለኮሰ። ልብስ ሰፊዋ በአንድ ቁራጭ ጥቁር መስታወት ታይ ነበር፤ ትንሽ ቆይታ ለእኔ ሰጠችኝ። በመስታወቱ ውስጥ ጋራዡ ጠፋ፣ አባቴም ጠፋ፤ አረንጓዴ ጨለማና በመሃሉ አንዲት ትንሽ ፀሐይ ብቻ ቀረች። ከፀሐይዋ ሥር የሁለቱ ብረቶች አፍ ረጥቦ፣ ተንቀጥቅጦ አንድ ሲሆን አየሁ። አባቴ በየመሃሉ ችቦውን አራቅ አድርጎ ስፌቱን በትንሽ መዶሻ ቶክ ቶክ ያደርገዋል፣ ሕፃን እንደሚያስተኛ ሰው። እሷም ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አብራው ትቆጥር ነበር።

ሲያበቃ ጋራዡ ጥግ ወዳለው ሣጥን አዛወረው። ሣጥኑ በቁመታቸው ከተሰነጠቁ በርሜሎች የተሠራ፣ ሰው ተጋድሞ የሚተኛበት ርዝመት ያለው ነው። የጭነት መኪና ዘንግ እያቀዘቀዘበት የኖረ አሮጌ ዕቃው እንደነበር የሰማሁት በቅርቡ ነው፤ ያን ዕለት ግን ለምን ያን ያህል እንደረዘመ የመሰለኝን አውቃለሁ። በትኩስ አመድና በኖራ ቀበረው፣ በላሜራ ከደነው፣ ላሜራው ላይ ደግሞ አመድ ጨመረ። እሷ የልጇን ብርድ ልብስ አልብሳ ጫፍ ጫፉን በእጇ አስገባች። አባቴ ሁላችንንም በየተራ እያየ፣ ሦስት ቀን ማንም እንዳይከፍተው አለ። ነፋስ ካገኘው አለቀለት።

የሰባት ዓመት ጭንቅላቴ ያየውን ሁሉ በራሱ መንገድ ገጣጠመው። ሁለት ቦታ ተቆርጦ የነበረ ነገር ተሰፍቷል፣ በቱርቦ ብርድ ልብስ ተሸፍኖ ተኝቷል፣ ይሞቃል፣ የቱርቦ እናት አጠገቡ ተቀምጣለች። ሄደ ያሉኝ ለካ እዚህ ሊመጣ ነው አልኩ። ደስ አላለኝም። ሲነቃ መጀመሪያ የሚጠይቀውን አውቀዋለሁና።

በማግስቱ ልብስ ሰፊዋ የእጅ ስፌቷን ይዛ መጥታ ከሣጥኑ ራስጌ ተቀመጠች። ከአመዱ ውስጥ ድምፅ ይወጣ ነበር፣ ቀጭን፣ ጥርስ ከጥርስ እንደመግጨት ያለ። አንዳንዴ ለረጅም ጊዜ ይጠፋል፤ ጠፋ ስትሉ ይመጣል። ሲበርድ የሚሰበሰብ ብረት እንዲያ ይላል፤ ዛሬ የማንኛውም መኪና ሞተር ጠፍቶ ሲቆም እሰማዋለሁ። ያኔ የሰማሁት ግን ሌላ ነው። እሷ መርፌዋን ሳታቆም ‹‹በርዶሃል እንዴ?›› ትላለች። ጥቅ ይላል። ‹‹አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረው።›› ጥቅ። እኔ በሩ ላይ ቆሜ እሰማለሁ።

አባቴ ረጅም ካቻቢቴ አምጥቶ ጫፉን በላሜራው ጎን ወደ አመዱ ሰደደና እጀታውን ጆሮው ላይ ደግኖ አዳመጠ። ፊቱ ጠቆረ። እንዴት ነው ብላ ስትጠይቀው፣ ‹‹ደህና ነው እትዬ፣ ቀስ እያለ ነው›› አላት፤ ግን ዓይኗን አላየም። ዞር ሲሉ እኔም ጆሮዬን እጀታው ላይ አደረግሁ። ዱም፣ ዱም፣ ዱም ይላል፤ ልብ። የራሴ እንደሆነ ያን ጊዜ በምን አውቄ።

እንግዲህ መመለስ አለባት አልኩ፣ ሮንዴላዋ። ሳይነቃ።

በምሳ ሰዓት አባቴ ደጅ እጁን ሊታጠብ ወጣ፣ እሷም ድስቷን ልታይ ወደ ቤቷ ተሻገረች። የብርድ ልብሱን ጫፍ ገለጥኩ፣ የላሜራውን ጥግ በሁለት እጄ ቀና አደረግሁና እጄን ሰደድኩ። አመዱ መጀመሪያ ለብ ያለ ነበር፣ እንደ ዱቄት የለሰለሰ። ሮንዴላዋን ይዤ ጠለቅ አልኩ፣ ጠለቅ አልኩ፤ ከዚያ ከታች አንድ ነገር ጣቴን ያዘኝ። ነከሰኝ ብል ይቀላል። ሮንዴላዋን ለቅቄ እጄን ስመነጭቅ ላሜራው ወደቀ፣ ከሥሩም ጧ የሚል ድምፅ ወጣ። ከዚያ ዝም። ብጠብቅ ብጠብቅ ጥቅታው አልመጣም።

ነፋስ አስገብቼበት ገደልኩት።

እናቴ ጣቴን ስታይ፣ ካውያ ነካሁ አልኳት። የመጀመሪያው ውሸት የሮንዴላዋ ነው፣ ይሄ ሁለተኛው። ልብስ ሰፊዋ ከምሳ ተመልሳ ‹‹ተኛህ?›› ስትለው ከአመዱ መልስ አልመጣም፤ ከተኛማ ጥሩ ነው ብላ ስፌቷን ቀጠለች። 

በሦስተኛው ቀን ጎህ ሲቀድ ከጓዳ በር ሥር የብርሃን ፍንጣቂ አይቼ አጮለቅሁ። አባቴ ከሣጥኑ ግርጌ ተንበርክኮ፣ በዚያ በኩል ባለች ክፍት ቀዳዳ በረጅም ጉጠት ፍም አንድ በአንድ እያስገባ ነበር። በየመሃሉ ወደ ኋላው ይገላመጣል፣ እንደ ሌባ። አባቴን እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም። ሲጨርስ አመዱን በእጁ መዳፍ አስተካክሎ ብርድ ልብሱን ወደ ቦታው መለሰ። ያን ቀን መከፈት የነበረበትን፣ ወፍራም ስለሆነ ጥቂት ቀን ይጨመርለት ብሎ ነገራት። እሷ ደስ አላት።

አየሁና ገባኝ፤ ወይም የገባኝ መሰለኝ። አባቴ መሞቱን አውቋል፣ እሳት እያበላ ሊያተርፈው ነው። ከዚያ በኋላ በየንጋቱና በየቀትሩ ሲያበላው አየዋለሁ። ሣጥኑ ይሞቃል፣ ጥቅታው አልፎ አልፎ ይመለሳል። እሷ እጇን ብርድ ልብሱ ላይ አሳርፋ ትውላለች። በአራተኛው ቀን ከእናቴ ምግብ ተቀብላ በላች። በአምስተኛው ቀን ቱርቦ በልጅነቱ የስፌት መኪናዋን ፈታትቶ መልሶ ሲገጥማት ሦስት ብሎን እንደተረፈውና ያለ ሦስቱ ብሎን እስከ ዛሬ እንደምትሰፋ ነግራኝ ሳቀች። አባቴ በተቃራኒው ከቀን ቀን እየጠቆረ፣ የገበታውን ነገር እየነካካ ይተወው ጀመር።

በስድስተኛው ቀን ምሽት ላይ እናቴን ጓዳ ውስጥ ሲያናግራት ሰማሁት።

‹‹ከቀትር ጀምሮ አልጨመርኩም። ይብረድ። ነገ ስትመጣ ቀዝቅዞ ታገኘዋለች፣ ያኔ እነግራታለሁ። እኔ ከዚህ በላይ አቅም የለኝም።››

እናቴ ምን እንዳለችው አልሰማሁም። አባቴ ተስፋ ቆረጠ፣ ሊተወው ነው፣ ያን ብቻ ነው የሰማሁት። የገደልኩት እኔ ነኝ፣ እሱ ደክሞታል፣ ስለዚህ የማበላው እኔ ነኝ አልኩ።

በነጋታው እናቴ ለቁርስ ያቀጣጠለችውን ከሰል ትታ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ፣ በባዶ የወተት ጣሳ ፍም ሞላሁ። በጣሳው ዙሪያ ጨርቅ ጠቅልዬ ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በአባቴ ጉጠት፣ በሁለት እጄ ይዤ፣ በዚያች ቀዳዳ እያስገባሁ እፍ አልኩበት፤ ዓይኔ እስኪጠፋ እፍ አልኩበት። ይቅርታ አድርግልኝ አልኩት፣ ሮንዴላዋን መልሻለሁ። ከውስጥ ጥቅ አለ። ሮጬ ሄጄ ጥቁር እጄን ይዤ አንሶላ ውስጥ ገባሁ።

ልብስ ሰፊዋ ስትመጣ አባቴ ቆሞ ነበር የጠበቃት፣ ፍርድ እንደሚሰማ ሰው ራሱን ደፍቶ። እኔ በጓዳ በር አያለሁ። እጇን ብርድ ልብሱ ላይ አሳረፈች፤ ቆየች።

‹‹ሞቋል›› አለች።

አባቴ ቀና አለ። መዳፉን ብርድ ልብሱ ላይ አሳረፈና እሳት እንደነካው ሰው መልሶ ሳበው። አፉ ተከፍቶ ቀረ። ትልቅ ሰው ሲፈራ ያየሁት ያን ጊዜ ነው፣ የኔም ፍርሃት ከዚያ በኋላ ቅጥ አጣ።

‹‹ሰባት ቀን ጠበቀኝ›› አለች እሷ፣ ረጋ ብላ። ‹‹ከዚህ በላይ ማስቸገር ነው። ይበቃዋል። አሁን ይብረድ።››

ብርድ ልብሱን ራሷ አንስታ አራገፈች፣ ጫፍ ከጫፍ ገጥማ አጣጠፈችው፣ ደረቷ ላይ አቀፈችው። አባቴ በዝግታ አንድ ነገር ነገራት፣ ረጅም ነገር። ራሷን ነቀነቀች፣ ከዚያ ትከሻውን ቸብ ቸብ አደረገችው። እሷ እሱን ታጽናና ነበር። ጥፋቴን በራሱ ላይ ወስዶ ሸፈነልኝ ብዬ አመንኩ፤ አባቴን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመውደዴ በላይ አፍረው ነበር። ሞተሩ አልተነሳም። የተሰነጠቀውን ብረት ወስዳ ከስፌት መኪናዋ ሥር አስቀመጠችው፤ እስክትሞት ድረስ ስትሰፋ ግራ እግሯን የምታሳርፈው በእሱ ላይ ነበር።

ባለፈው ወር አባቴን ልጠይቅ ሄድኩ። ሰማንያ ሊሞላው ነው፤ የብየዳ ብርሃን የበላው ዓይኑ አሁን ጥላ ብቻ ነው የሚለየው። ጨዋታ ጨዋታን አንስቶ ቱርቦ ላይ ደረስን። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ ሠላሳ አራት ዓመት የያዝኩትን ተናገርኩ። ‹‹አባዬ፣ ያን ሞተር ያበላሸሁት እኔ ነኝ። በሁለተኛው ቀን ከፍቼ ነፋስ አስገባሁበት። ጧ ሲል ሰማሁት።›› ወደ ሮንዴላዋ ገና ሳልደርስ ሳቅ ቀደመው። እስኪያስለው ሳቀ።

‹‹አንቺ ልጅ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት? የሰማሽው ላሜራው ነው፣ ላሜራ ሲሞቅ ሲበርድ ይጮሃል። ሞተሩማ የተሰነጠቀው በመጀመሪያው ቀን ነው፣ ቀብሬው እናንተ ገና ከበሩ ሳትርቁ። ሰማሁት። በጆሮዬ ሳይሆን በጥርሴ ነው የሰማሁት።››

በማግስቱ ለልብስ ሰፊዋ ሊነግራት አስቦ እንደነበር ነገረኝ። ስትመጣ እጇን ጭና ‹‹ይሞቃል›› ስትል፣ አፉ ተያዘ። እስክትበላ ድረስ ልጠብቅ አለ፤ ከዚያ እስክትስቅ ድረስ። ፍሙ ለሞተሩ አልነበረም።

አለቀስኩ። የሰባት ዓመቷ ልጅ ናት ያለቀሰችው፣ እኔ ስሰማት ነበር። አባቴ እጄን ፈልጎ ያዘና እስኪወጣልኝ ጠበቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ማየት በማይችለው ዓይኑ ወደ በሩ ተመለከተ።

‹‹አንድ ነገር ግን አለ›› አለኝ። ‹‹ለእናትሽም ነግሬያት አላውቅም። በመጨረሻው ቀን ፍም አልጨመርኩም። ከቀትር ጀምሮ ሌሊቱን ሙሉ ምንም። ቀዝቅዞ ማደር ነበረበት። ጠዋት ግን ይሞቅ ነበር፤ እኔ በመዳፌ ነክቼዋለሁ።››

ከሸሚዝ ኪሱ የክብሪት ቀፎ አውጥቶ በጣቱ ገፍቶ ከፈተ። ውስጡ አንዲት የመዳብ ሮንዴላ ነበረች፣ ጠቁራለች፣ ዳር ዳሯ ብቻ ከመነካት ብዛት ያበራል።

‹‹አመዱን ስገለብጥ ያገኘኋት ናት። ቱርቦ ጠፋችብኝ ይላት የነበረችው ስድስተኛዋ። እኔ አላስገባኋትም፣ የልጁን እናትም ጠይቄያታለሁ፣ አላስገባችም።›› ዳሯን በጣቱ ዳሰሰ። ‹‹ያን ልጅ በየቀኑ እየመጣ ሲለምነኝ አባርሬዋለሁ። ከሞተ በኋላ እንቅልፍ አልነበረኝም። ይቺን ሳገኝ፣ ብረቱም ሞቆ ሳገኘው፣ ልጁ ማረኝ አልኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው የተኛሁት።››

የወተቱ ጣሳ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ሦስቱ ምልልስ፣ ጥቁር እጄ፣ የአውራ ጣቴ ቀለበት፣ ሁሉም። እሱ የኔን ሸክም በአንድ ሳቅ አውርዶልኛል፣ እኔም የያዝኩት እውነት ነበረኝ፤ ከተናገርኩት ሌላ ምንም የማያደርግ፣ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ እንቅልፍ ብቻ የሚወስድ እውነት።

ሮንዴላዋን መዳፌ ላይ አኖራት። ከደረቱ ኪስ ነው የወጣችው።

‹‹ምን ትያለሽ?›› አለኝ፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ።

ባለ ጠባሳው ጣቴን በቀዳዳዋ ላይ አዞርኩት።

‹‹እስካሁን ትሞቃለች አባዬ›› አልኩት።